አዛውንቱ «ጥጃውን ባርኪው» ያሉሽ ለምን ይሆን?

ጥያቄ፦ «አየርላንድ ምዕራብ፣ ሜዮ ገጠር ውስጥ አንድ አዛውንት እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ጥቂት ላሞች አሏቸው። ባለፈው አዲስ የተወለደ ጥጃ ሲያሳዩኝ ‹ውይ፣ እንዴት ያምራል!› አልኩ። ፊታቸው ጥቁር አለ። ‹በይ ባርኪው› አሉኝ። ከበረቱ በር በላይ ደግሞ ከቄጠማ የተጎነጎነ መስቀል አለ። በገና ዋዜማ እኩለ ሌሊት በረት እንዳልገባም አስጠንቅቀውኛል። እዚህም ቡዳ አለ እንዴ? ይሄ ሁሉ ባዶ እምነት ነው ወይስ ለከብቱ የሚጠቅም ነገር ነበረው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አዎ፣ አለ። አይሪሾችም «ክፉ ዓይን» የሚሉት ነገር አላቸው። የሰው ከብት አድንቆ ሳይባርክ የሄደ ሰው፣ በማግስቱ ከብቱ ቢታመም ስሙ ይነሳል። አስቦበት ይሁን ሳያስበው ግድ የለም። ዓይኑ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አዛውንቱ አልተቆጡሽም። እንዲያውም አንቺንም ጥጃውንም ከጣጣ አወጧችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ «ባል ኦ ዪአ ኤር» በያቸው። «የእግዚአብሔር በረከት ይሁንበት» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ብትባርኪም ይገባቸዋል። በአይሪሽ ካልሽው ግን ሻይ ከነብስኩቱ ሳይቀርብልሽ አይቀርም።

ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ተምሬ አሁን አየርላንድ ገጠር እየዞርኩ እሠራለሁ። መጀመሪያ ስመጣ እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ በልቤ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ልማዱ የሚበዛው ቤተሰቡ ብዙ የሚያጣበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ላም ስትወልድ፣ ቅቤ ሲናጥ፣ ከብቱ ወደ አዲስ ሣር ሲወጣ። ለማያሳስበው ነገር ማንም ቁጭ ብሎ መስቀል አይጎነጉንም። ልማዱ ራሱ ከብቱን አድኗል ወይ? አንዳንዱ አዎ፣ አንዳንዱ ምንም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎድቷል።

ላም እዚያ አገር ምን እንደነበረች ቋንቋው ራሱ ይነግርሻል። ላም «ቦ» ናት። መንገድ ደግሞ «ቦኸር»፤ ቃሉ ከላም የመጣ ነው። በ908 በሞተው በንጉሡና ጳጳሱ ኮርማክ ስም የሚጠራ ጥንታዊ መዝገበ ቃላት አለ። የመንገድን ስፋት የሚለካው በሁለት ላሞች ነው፤ አንዷ በቁመቷ፣ አንዷ በአግድሟ ቆማ። ወንድ ልጅን «ቡኸል» ሲሉት የቃሉ ሥር ላም ጠባቂ ማለት ነው። በጥንቱ ሕጋቸው ካሳ በላም ይቆጠር ነበር። ትልቁ የጀግንነት ተረታቸው እንኳ ስለ ኮርማ ነው። ንግሥት ሜቭ ሀብቷን ከባሏ ሀብት ጋር ስታስተያይ በአንድ ኮርማ በለጣት። እሷም የሰው ኮርማ ለመውሰድ ጦር አዘመተች።

ወደ ቅቤ ልምጣ። የነገሩ ልብ እዚህ ነው።

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የአየርላንድ ገበሬ መሬቱን የሚያርሰው ከባለርስት ተከራይቶ ነው። ኪራዩን የሚከፍለው ከሚሸጠው ነገር ነው። አሳማ ያለው ከአሳማው ይከፍላል። እንዲያውም አሳማውን በቀልድ «ኪራይ የሚከፍለው ጌታ» ይሉት ነበር። በደቡቡ ክፍል ግን ዋናው ቅቤ ነው። በ1770 የተቋቋመው የኮርክ ቅቤ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ትልቁ ነበር፤ ቅቤው በመርከብ ባሕር ማዶ ይሻገራል። እንግዲህ አስቢው። ወተቱን ትንጫለሽ፣ ትንጫለሽ፣ ቅቤ አልወጣም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልወጣም። ኪራይ የለም ማለት ነው። ኪራይ ከሌለ ደግሞ ቤትሽን ለቀሽ ሜዳ ላይ ነሽ።

እኛ አገር የጎረቤቷን ቅቤ በመተት የምትወስደውን ሰላቢ እንላታለን አይደል? የአየርላንዷ ሰላቢ ቀጠሮ አላት። የሜይ 1 ዋዜማና ንጋት ነው። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቷ ማሳ ገብታ ጤዛውን በጨርቅ ትጠርጋለች። ወይም ከጉድጓዱ የዕለቱን የመጀመሪያ ውኃ ትቀዳለች። ከዚያ የዓመቱ ቅቤ ወደ እሷ ይዞራል። ሌላም መንገድ አላት፦ ጥንቸል ሆና ገብታ ላሟን ትጠባለች። ጥንቸሏን አዳኝ ይመታታል፣ የደሙን ዱካ ይከተላል፣ አንዲት ጎጆ ያደርሰዋል። ውስጥ አንዲት አሮጊት እግሯ እየደማ ተኝታለች። ተረቱ ጥንት ነው። የዌልሱ ቄስ ጄራልድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አየርላንድ ሲጽፍ፣ ጥንቸል ሆነው የሰው ላም ስለሚጠቡ አሮጊቶች ያነሳል።

ስለዚህ ሜይ 1 ቀን ከቤት እሳት አይወጣም። ወተትም፣ ጨውም። ጎረቤት ለፒፓው ፍም ቢለምን እንኳ አይሰጠውም፤ ባይሆን እዚያው ተቀምጦ ያጭሳል። በበረቱ ደጃፍ ቢጫ አበባ ይበተናል፤ ቢጫ የቅቤ ቀለም ነው። ከላሟ ጭራ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። መናጫው ላይ ሮዋን የሚባል ቀይ ፍሬ ያለው ዛፍ ቅርንጫፍ ይደረጋል። ቅቤ እየተናጠ የገባ እንግዳ ደግሞ «እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክ» ብሎ ዱላውን ይቀበልና ጥቂት ሳይንጥ አይወጣም። እንቢ ካለ ለምን እንቢ እንዳለ ሁሉም ይገምታል። ይሄኛው ልማድ በጣም ይመቸኛል። ረጅሙን የእንጨት መናጫ አንድ ሰዓት የነቀነቀች ሴት ክንዷ ምን ያህል እንደሚዝል አስቢው። እንግዳው ሌባ ይሁን አይሁን፣ ክንድ ግን ይዞ መጥቷል።

ቅቤ የማይወጣው ለምንድን ነው? ክሬሙ ከቀዘቀዘ ስቡ ጠጥሮ አይያያዝም። ከሞቀ ደግሞ ይቀልጥና ቅባት ሆኖ ይቀራል። ዕቃው በደንብ ካልታጠበ ተሕዋስያን ወተቱን ያበላሹታል። ላሟ የወለደችበት ጊዜ ከራቀ ወተቷ ለመናጥ ያስቸግራል። በሜይ ደግሞ ላሟ ከደረቅ ሣር ወደ እርጥብ ሣር ትዞራለች፤ የስቡ ዓይነት ይለወጣል፣ ለስላሳ ይሆናል። ያኔ ቴርሞሜትር የለም። ዛሬ የወጣው ቅቤ ነገ ለምን እንቢ እንዳለ የሚታይ ምክንያት የለም። የሚታይ ምክንያት ሲጠፋ ጎረቤት ይገኛል።

ደግሞ ፍቱን የሚሉት መፍትሔ አላቸው። በርና መስኮቱ ይዘጋል። የማረሻው ብረት እሳት ውስጥ ገብቶ እስኪቀላ ይግላል። ሌባዋ ሆዷ ይቃጠልና እየጮኸች በሩን ትደበድባለች ይባላል። ከዚያ ቅቤው ይወጣል። ይሄ የራሴ ግምት ነው፣ ግን በር ዘግተሽ ትልቅ እሳት ካነደድሽ ቤቱ ይሞቃል። ክሬሙም ይሞቃል። ቀዝቅዞ እንቢ ያለው ቅቤ ቢወጣ ምን ይገርማል?

አሁን መስቀሉን ልንገርሽ። ፌብሩዋሪ 1 የቅድስት ብሪጂድ ቀን ነው። ብሪጂድ የኪልዴሯ ቅድስት ናት፤ የላም፣ የወተትና የቅቤ ጠባቂ። የእናቷን ቅቤ ለድሃ ሰጥታ ስትጨርስ ዕቃው ተመልሶ ሞላ ይላል ገድሏ። ከ2023 ጀምሮ ቀኗ በአየርላንድ የሕዝብ በዓል ሆኗል። ዋዜማው ላይ ቄጠማ ይታጨድና መስቀል ይጎነጎናል፤ እኛ ለሆሳዕና ዘንባባ እንደምንጎነጉነው ማለት ነው። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለበረት። ጨርቅም ውጭ ይሰቀላል። ሌሊት ስታልፍ ትባርከዋለች። ጨርቁ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጥና ላም ምጥ ሲጸናባት ጀርባዋ ላይ ይደረጋል።

ጊዜውን እዪው። ፌብሩዋሪ ላይ ያለፈው ዓመት ድርቆሽ እያለቀ ነው። ላሞቹ ከስተዋል፣ ከብደዋል፣ ሊወልዱ ነው። ሣር ገና አልበቀለም። በዓመቱ ውስጥ ላም በቀላሉ የምትሞትበት ወቅት ቢኖር ይሄ ነው። ማርች እስኪያልፍ ማንም እፎይ አይልም። አንዲት ቡራቡሬ ላም ማርች አለቀ ብላ «ምን አመጣህ?» ብላ ፎከረች አሉ። ማርች ተናደደና ከኤፕሪል ሦስት ቀን ተበደረ። በበረዶና በነፋስ ቆዳዋን ገፈፋት። እስከ ዛሬ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ብርድ ሲመለስ «የቡራቡሬዋ ላም ቀናት» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።

ሜይ ሲገባ ከብቱ ወደ ተራራ ይወጣል። እዚያ ትናንሽ ጎጆዎች አሉ፤ «ቡሊ» ይባላሉ። ልጃገረዶች ከላሞቹ ጋር ይከርሙና ያልባሉ፣ ቅቤ ይንጣሉ፤ እስከ ኖቬምበር መግቢያ። አንቺ ካለሽበት ብዙ የማይርቀው አኪል ደሴት ላይ ይሄ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቷል። በሐኪም ዓይን ይሄ ከሁሉም ልማዶች ብልሁ ነው። የቆላው ሣር ያርፋል፣ ከብቱ አጥር ከሌለው እህል ይርቃል፣ በሣሩ ላይ ያለው የሆድ ትል እጭም በከፊል ይሞታል።

ከብቱ ሲወጣ በሁለት እሳት መካከል ይነዳ እንደነበር ያው የኮርማክ መዝገበ ቃላት ይናገራል። ጁን 23 በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማም ጭስ ያስገቧቸዋል። ጭሱ መዥገር ይገድላል የሚሉ ዘመናዊ ሰዎች ገጥመውኛል። አይገድልም። መዥገር በጭስ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ ማለፍን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለሁሉም ልማድ ሳይንስ መፈለግ ደግ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ጸሎት ነው፣ ጸሎት ሆኖ ይቅር።

ቤቱን በተመለከተ ብዙም አይደንቅሽ። በምዕራቡና በሰሜን ምዕራቡ ድሃ ቤተሰብና ላሞቹ አንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ ሰው በላይኛው ጫፍ፣ ከብት በታችኛው፣ መሃል የሽንት ቦይ። እኛም ዘንድ ጋጣው ከሳሎኑ የማይለይበት ቤት ብዙ ነው። ላም እሳቱን እያየች ካደረች ወተቷ ይበዛል ይሉ ነበር። የሞቃት፣ ያልተረበሸች ላም ወተት አትነፍግም፤ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። አብሮ ማደር ግን የሳንባ በሽታንም አብሮ ያሳድራል። አየርላንድ የከብት ሳንባ ነቀርሳን ለማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው በ1954 ነው፤ እስካሁን አልጨረሰችም።

አለባው ደግሞ እንደኛው ነው። ዜማ ይዘፈንላታል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ እንግሊዞች አንድ ነገር አይተው ተገርመዋል፦ የአየርላንድ ላም ጥጃዋ ካጠገቧ ከሌለ አታወርድም። ጥጃው ከሞተ ቆዳው ገለባ ተሞልቶ ይቀርብላታል፤ ትልሰዋለች፣ ወተቱ ይወርዳል። እንግሊዞቹ ኋላቀርነት አሉት። እኛ የሐበሻ ላም አልበን ያደግን ሰዎች አንገረምም። ጥጃዋን ስታይ፣ ስታሸት፣ አንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ያ ሆርሞን ነው ወተቱን ወደ ጡቱ ጫፍ የሚገፋው። ዘፈኑም፣ የአላቢዋ የታወቀ ድምፅም ያንኑ ይሠራል። ታልባ ስታልቅ አላቢዋ አውራ ጣቷን አረፋው ውስጥ ነክራ በላሟ ጎን ላይ መስቀል ታደርጋለች። ጥቂት ወተትም መሬት ላይ ታፈሳለች። ይቺኛዋ «ለደጎቹ ሰዎች» ናት፤ ለማይታዩት ማለት ነው። ስማቸውን በክፉ አያነሱም።

እንገርን ሳልጠቅስ አላልፍም። አይሪሾችም እንገር ይወዳሉ፣ አፍልተው ይበሉታል። ጥጃው ግን ቅድሚያ አለው። ዛሬ ገበሬዎቹ «1-2-3» የሚሉት ደንብ አላቸው፦ ከ1ኛው አለባ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቢያንስ 3 ሊትር። አዛውንቱ ጥጃ ሲወለድ አብረሽ ካለሽ ይቺን አስታውሺ።

ሕክምናው ላይ ደግሞ ልቤ ይከፈላል። ጥጃ ሆዱን ሲቆርጠው የሚሠሩት «የትል ቋጠሮ» አለ። ገመድ በተለየ መንገድ ይቋጠርና በጀርባው ላይ ይጎተታል። ቋጠሮው ተፈትቶ ከወረደ ይድናል፣ ከጠበቀ አይድንም። ብዙ ቁርጠት በራሱ ያልፋል፤ ስለዚህ ቋጠሮው ጥሩ ስም አለው። ጉዳትም የለበትም። «የጭራ ትል» የሚሉት ግን ያናድደኛል። ወልዳ መነሳት ያቃታት ላም ጭራዋ ይሰነጠቅና ነጭ ሽንኩርት ይቀበርበታል። ጭራ ውስጥ ትል የለም። አብዛኛውን ጊዜ ደሟ ውስጥ ካልሲየም አንሶ ነው። ካልሲየም በደም ሥር ብትሰጫት በሰዓቱ ብድግ ትላለች፣ ዓይንሽ እያየ። አባ ጎርባን ለመከላከልም ከአንገቷ ሥር የሚንጠለጠለውን ቆዳ በስተው ነጭ ሽንኩርት ያስገቡ ነበር። ዛሬ ክትባቱ አለ፤ በሽንኩርቱ አትድከሚ።

መድኃኒት አዋቂዎቹም ትልቅ ስም ነበራቸው። የክሌሯ ቢዲ ኧርሊ ከሁሉም ዝነኛ ናት። ሰው በሽተኛ ላሙንና እንቢ ያለ ቅቤውን ይዞ እየመጣ ይማጸናት ነበር። በሰማያዊ ጠርሙሷ አይታ ትመልሳለች። ካህናቱ አልወደዷትም። በ1865 በጥንቆላ ሕግ ኤኒስ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ የሚመሰክርባት ጠፍቶ ተለቀቀች። በ1874 ሞተች።

ከሁሉም የከፋው «ፒሾግ» ነው፤ መተት በይው። ክፉ ጎረቤት እንቁላል ወይም የበሰበሰ ሥጋ ድርቆሽሽ ውስጥ ይደብቃል፣ በረከትሽ ወደ እሱ ይዞራል። አንዳንዴ የሚቀበረው የተጨነገፈ ጥጃ ነው። እዚህ ላይ ነው ሐኪሙ የሚደነግጠው። ላም የሚያስጨነግፈው ብሩሴሎሲስ በዚያው በወረደው ጽንስና በእንግዴ ልጁ ይተላለፋል። ማለትም መተቱ ሊሠራ ይችል ነበር፣ ያለ ምንም ሰይጣን። አየርላንድ ከብሩሴሎሲስ ነፃ የተባለችው በ2009 ነው። ላሞች እንዳይጨነግፉ ፍየል አብሮ የማሰማራት ልማድም ነበር። ፍየሉ መርዛም ቅጠል ቀድሞ ይበላል ይላሉ። ፍየልን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ መብላቱን አይጠራጠርም።

ድሮ ሁሉ ርኅራኄ ነበር ብዬ እንዳልዋሽሽ። በአየርላንድ ማረሻን በፈረስ ጭራ ላይ አስሮ ማረስ ነበር። የበግ ፀጉርም ሳይሸለት፣ በሕይወት እያለ ይነጭ ነበር። ሁለቱንም የሚከለክል ሕግ በ1635 ወጣ። የገበሬው መልስ ምን መሰለሽ? ማሳው ድንጋያማ ነው፤ ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ፈረሱ ወዲያው ይቆማል፣ ዕቃውም አይሰበርም። ምክንያት ነው፤ ጭራው ግን የፈረሱ ነው። ደግሞ እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ለከብት የተከራከረው ከዚያው ከምዕራብ የወጣ ሰው ነው። የጎልዌዩ ሪቻርድ ማርቲን በ1822 ከብትን ማሰቃየት የሚከለክል ሕግ አስወጥቷል።

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው ካልሽኝ፣ ብዙውን የጻፉት ልጆች ናቸው። ከ1937 እስከ 1939 ወደ 50,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት ሽማግሌዎች እየጠየቁ በደብተር ጻፉ። ከርዕሶቹ አንዱ የቤት እንስሳት አያያዝ ነበር። ላሟ ማን ትባላለች፣ በምን ትታሰራለች፣ ጥጃ ሲጠራ ምን ይባላል፣ ዶሮ ስትታቀፍ ስንት እንቁላል ይደረግላታል። መልሱ 13 ነው፤ እያንዳንዱ እንቁላል ላይም በጥላሸት መስቀል ይደረጋል። የላሞቹን ስም ብታዪ ቤትሽ የገባሽ ይመስልሻል። እኛ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቦራ እንደምንለው፣ እነሱም በቀለሟና በቀንዷ ይጠሯታል። የአዛውንቱን ላሞች ስም ጠይቂያቸው። ወሬው ከዚያ ይከፈታል፣ እመኚኝ።

የገናው ነገር ቀረ። በዋዜማው እኩለ ሌሊት ላሞቹና አህዮቹ ተንበርክከው ይሰግዳሉ ይባላል። አፍ አውጥተው ይናገራሉም። ተደብቆ ያዳመጠ ሰው ደህና አይሰማም፤ የራሱን ሞት ሲያወሩ ይሰማል። ስለዚህ ሌሊት አትግቢ። በጊዜ ግን፣ ሳይመሽ፣ አዛውንቱን ተከትለሽ ሂጂ። የዚያን ዕለት ከብቱ ሁሉ ከሌላው ቀን የበለጠ መኖ ይሰጠዋል። ድርቆሹን የሚሸከምላቸው ሰው ሳይፈልጉ አይቀሩም።